የኦቦ ቃሲም ሰማያዊ ጥድ

ባለፈው ሳምንት ምራቴ ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች አንድ ችግኝ ገዝታ መጣች። «አባባ፣ ሰማያዊ ጥድ ነው ብለው ሸጡልኝ። እውነት ነው?» አለችኝ። አንዲት መርፌ መሰል ቅጠል ቀነጠስኩና በሁለት ጣቶቼ መሃል አሸኋት። ተንከባለለች። «አላታለሉሽም» አልኳት። ይህን ዘዴ የተማርኩት በአሥራ ስምንት ዓመቴ፣ አሰላ ዳር በነበረ የእርሻ ትምህርት ቤት፣ በብዙ ሀፍረት ነው።

ያኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ መምህር ሳያዘኝ የምታዘዝ ዓይነት። የውጭ አገር መምህራችን ከአገሩ የሰማያዊ ጥድ ዘር አስመጥቶ በየጣሳው አስዘራን። የበቀለው የእኔ ብቻ ነበር። ጓደኞቼ ጠዋት ጠዋት «ሙሽራህ እንዴት አደረች?» እያሉ ይቀልዱብኛል። የእርሻው ኃላፊ ደግሞ ችግኝ የሞተበት ጠባቂ ከሥራው እንደሚባረር አስጠንቅቀው ነበር።

ለገና ዕረፍት በቆጂ ወዳሉት ቤተሰቦቼ ስሄድ ጣሳዬን ለችግኝ ጠባቂው ለኦቦ ቃሲም አደራ ሰጠሁ። ጢማቸው የሸበተ፣ አማርኛን በኦሮምኛ ቅላፄ የሚያወሩ ሽማግሌ ነበሩ።

«ማታ ማታ ሣር ያልብሱልኝ፣ ውርጭ እንዳይመታት።»

«ሂድ በሶህን ብላ! እኔ አለሁ አይደል?»

ሁለት ሳምንት በአውድማው የገብስ ብናኝ ሳስነጥስ፣ እናቴ የሰጠችኝን ሁሉ ስበላ ቆይቼ ተመለስኩ። ትንሿ ቡቃያ ጣት አክላለች። ቀለሟ ወደ ሰማያዊ ይወስዳታል፤ ቅጠሏም ይወጋል።

«ኦቦ ቃሲም፣ እንዴት እንዲህ አደገች?»

«የአርሲ አፈር ነዋ!» አሉና ፊታቸውን ወደ ውኃ ማጠጫው መለሱ።

አዲስ አበባ ከርሞ የመጣው መምህራችንም አይቷት «በእኛ አገር በሁለት ዓመትም እንዲህ አታድግም» ብሎ ተደነቀ። በማግስቱ ኃላፊው ባሉበት ተማሪውን ሰብስቦ ስለ ዛፉ መለያ አስተማረ። ቅጠሉ አራት ጎን ስላለው በጣት መሃል ይንከባለላል፤ ከቅርንጫፉም አንድ በአንድ ይወጣል። «በል አሳያቸው» አለኝ።

ቀነጠስኩ። ሦስት ቅጠል ከአንድ ቦታ ተያይዞ መጣ። ጠፍጣፋ ነው፤ አይንከባለልም። ጣቴን ሳሸት የአጥራችን የጥድ እንጨት ሸተተኝ። ለካ የአገራችን ጥድ በልጅነቱ ይወጋል፤ ለስልሶ የምናውቀው ካደገ በኋላ ነው። ሁላችንም በጥድ ሥር አድገን ቀና ብለን እንጂ ዝቅ ብለን አይተነው አናውቅም።

ዞር ስል ኦቦ ቃሲም መሬት መሬት ያያሉ። ነገሩ ገባኝ።

«የእኔዋ ሞታብኝ ከጫካ ነቅዬ የተካኋት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ውሸቱን ነው!» ኦቦ ቃሲም ማጠጫውን አስቀመጡ። «አንተ የበቆጂ ልጅ! ከጭላሎ ተራራ በየት በኩል ነቀልካት? በል ንገራቸው!»

በደፈናው ወደ ተራራው ጠቆምኩ። ተማሪው ሳቀብኝ።

«ልጄን ምጥ ይዟት ሦስት ቀን ሄጄ ነበር» አሉ ለኃላፊው። «ስመለስ ችግኟን ውርጩ ጨርሷታል። ሥራዬን ፈራሁ፤ ይህም ልጅ እንዳያዝን አልኩ።»

«በቃ፣ ዕቃህን ያዝ!» አሉ ኃላፊው።

መምህሩ ግን «ልጅዎ በሰላም ተገላገለች?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ወንድ ልጅ። አልሐምዱሊላህ።»

መምህሩ ጆሮው ድረስ እየቀላ ወደ ኃላፊው ዞረ። «ትናንት ይህችን ጥድ የአገሬ ዛፍ መስላኝ ያደነቅሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የሚያስባርር ከሆነ ሁለታችንም እንሂድ።» ኃላፊው አጉረመረሙና ሄዱ። ኦቦ ቃሲም በሥራቸው ቀሩ።

ዛሬ ሳስበው በውሸቴ አልጸጸትም፤ በፍቅር የተዋሸ ነበር። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። እኚያን ሽማግሌ ላድን ብቅ ስል፣ ለራሳቸው እውነት መቆም የሚችሉ ሰው መሆናቸው ለአንድ አፍታ እንኳን ትዝ አላለኝም ነበር።