የአራተኛ ቢ የውሃ ተረኛ

ቲቸር ነዒማን ውሃ ሲጠጡ ያየ ሰው ባይጠማውም ይጠማዋል። ጣሳውን በሁለት እጃቸው አቅፈው «ቢስሚላህ» ይላሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ ብለው ይጠጣሉ። ሲጨርሱ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ከጣሳው ግርጌ የቀረችውን ጉንጭ በር ላይ ለበቀለችው ፓፓያ ያፈሱላታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኩላሊታቸውን አሟቸው ደሴ ሲታከሙ ሐኪሙ «ውሃ ያብዙ» ብሏቸው ነበር። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ስልሳ ልጅ እያየኝ ለብቻዬ አልጠጣም አሉና ከገበያ ትልቅ የሸክላ ጋን ገዝተው ክፍላቸው ጥግ ላይ አስቀመጡ። በትምህርት ቤቱ ቀዝቃዛ ውሃ ያለው አራተኛ ቢ ብቻ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሊዩ አምባ ተወልደው ለትዳር ወደ ሮቢት የመጡ፣ ሃምሳን የተሻገሩ ሴት ናቸው። ቁመታቸው ረጅም፣ ድምፃቸው ጎርናና ነው። ከከተማው ባጃጅ ነጂ ግማሹን አስተምረዋል፤ መንገድ ላይ ሲያያቸው ፍጥነቱን ቀንሶ የሸሚዙን ቁልፍ ይቆልፋል። ሲቆጡ ከአያታቸው የወረሷት አንዲት የአርጎብኛ ቃል ታመልጣቸዋለች። ትርጉሟን የሚያውቅ ተማሪ የለም፤ ስትመጣ ግን የቆመ ሁሉ ይቀመጣል።

እኔ ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ እሳቸው ዘንድ የመምህርነት ልምምድ የጀመርኩት በግንቦት ነው፤ የቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀት ብቻውን በሚንጫጫበት ወር።

በአንድ ሰኞ ጠዋት ኑርሃን የምትባል ሸክላ ሠሪ ክፍሉ በር ላይ ቆመች። ያን ጋን የሠራችው እሷ ናት። ልጇ ሒክማም እዚያው አራተኛ ቢ ትማራለች። ኑርሃን ግቢ ብትባልም አልገባችም።

«እትዬ ነዒማ፣ ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ሒክማን አላመጣትም።»

«ምን አገኘሽ? ልጅቷ እኮ ጎበዝ ናት!»

«እቤቷ ትጎብዝ።»

«ኧረ በአላህ! ምክንያቱን እንኳ ንገሪኝ።»

«ጭቃ ይሻላታል። ጭቃ ሲነኩት አይሸሽም።»

ቲቸር እጇን ያዙ። «ይህን ሳምንት ብቻ ስጪኝ።»

ኑርሃን በሳቸው ትከሻ ላይ አሻግራ ክፍሉን አየች። «ሳምንቱን ይውሰዱ» አለችና ሄደች።

ቲቸር ሒክማን ጠሯት። ማን መታሽ? ማን ሰደበሽ? ልጅቷ ጫማዋን እያየች «ማንም» አለች። እሳቸው ያን ቀን ውሃ ሲጠጡ ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ ክፍሉን እያዩ ነበር የጠጡት።

በማግስቱ ትምህርቱ ስለ እኩልነት ነበር። ቲቸር የመጽሐፉ ገጽ ደረቅ ነው ብለው ማታውኑ ሥዕል ፈልግ ብለውኝ ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ የማርቲን ሉተር ኪንግን ፎቶ አሳተምኩ። የማሽኑ ቀለም እያለቀ ስለነበር ግማሽ ፊቱ ፈዞ ወጣ። ቲቸር ግድግዳው ላይ ለጠፉት።

«አሜሪካ ውስጥ፣ ይህ ሰው በነበረበት ከተማ» አሉ፣ «ጥቁሮች አውቶቡስ ላይ ከኋላ እንዲቀመጡ ይገደዱ ነበር። ነጭ መቀመጫ ካጣ ጥቁሩ ተነስቶ ይለቅለታል። አንዲት ሴት አልነሳም አለች። ታሰረች። ከዚያ በኋላ ጥቁሮቹ በሙሉ፣ አብረን እስክንቀመጥ ድረስ አንሳፈርም አሉ። ይህ ሰው መሪያቸው ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ የሚሄዱት፣ ገበያ የሚሄዱት በእግራቸው ሆነ።»

«ባጃጅ አልነበረም?» አለ ጁነይድ ከኋላ ወንበር። ክፍሉ ሳቀ።

«ምግብ ቤቱም ለየብቻ ነበር» ብለው ቲቸር ቆም አሉ። እኔም የልጆቹን መደንገጥ ጠበቅኩ። ማንም አልደነገጠም።

የክፍሉ አለቃ ሙጂብ እጁን አወጣ። የማሾ ነጋዴዋ የራሕማ ልጅ ነው፤ ሲናገር እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «ቲቸር፣ እኛም አገር ለየብቻ ነው። የሙስሊም ምግብ ቤት አለ፣ የክርስቲያን ምግብ ቤት አለ።»

«ያ ለሥጋው ነው እንጂ ሰውን ንቆ አይደለም።»

«ሰውየውስ ምንድን ነው? ሙስሊም ነው?»

«ክርስቲያን ነው። ሰባኪ ነበር።»

«ነጮቹስ?»

«እነሱም አብዛኞቹ ክርስቲያን ናቸው።»

ሙጂብ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ወላሂ? ታዲያ ሥጋው አንድ አይደለም እንዴ!»

ክፍሉ ተንጫጫ። ሥጋው አንድ ከሆነ ምን ለያቸው? እኔ ዩኒቨርሲቲ ስንት ክርክር ሰምቻለሁ፤ የዚያን ታሪክ እብደት በአንድ የሥጋ ጥያቄ እንዲህ ራቁቱን ያስቀረው ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

«ውሃውም ለየብቻ ነበር» አሉ ቲቸር። «ይህ የነጭ መጠጫ፣ ያ የጥቁር መጠጫ የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበታል።»

ይኼኔ ልጆቹ ደነገጡ። በእኛ ቆላ የተጠማ መንገደኛ የማንንም በር አንኳኩቶ ውሃ ይላል፤ ማን ነህ ሳይባል ይሰጠዋል።

«ውሃ እኮ አይታረድም!» አለች ኢልሀም የምትባል ትንሽ ልጅ። ያሰበችው ሁሉ ወዲያው አፏ ላይ የሚደርስ ልጅ ናት። ቀጠለችና «እንደ ሒክማ ጣሳ ማለት ነው?» አለች።

ቲቸር ቀስ ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ጋኑ ክዳን ላይ ሁሉም የሚጠጣበት የብረት ጣሳ ተደፍቷል። በሩ አጠገብ ደግሞ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ጣሳ ሚስማር ላይ ለብቻው ተንጠልጥሏል። ዓመቱን ሙሉ እዚያ ነበር። ቲቸር ልጅቷ ለንጽሕና ከቤቷ ያመጣችው ይመስላቸው ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን ክፍሉ ፊት «እንደ ሒክማ ንጹሕ ሁኑ» ብለው አመስግነዋታል።

«ማን ነው ያንጠለጠለው?»

«እኛ ነን» አለ ሙጂብ፣ ምንም ሳያፍር። «ተረኛው ከላይ ያፈስላታል። የኛን ጣሳ አትነካም።»

«ለምን?»

«እነሱ ሸክላ ሠሪ ናቸው። እና... ቡዳ።» የመጨረሻዋን ቃል በሹክሹክታ አላት።

«ጋኑን ማን ሠራው?»

«እናቷ።»

«ከዚያ ጋን ትጠጣ የለም እንዴ?»

«ጋኑማ ምን አደረገን?»

ቲቸር ሰማያዊውን ጣሳ ከሚስማሩ አወረዱ፣ ከጋኑ ሞሉት፣ ስልሳው ልጅ እያያቸው እስከ መጨረሻው ጠጡት። እኔ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም።

«እሳቸውንማ ምንም አያደርጋቸው» አለ ጁነይድ ለጎረቤቱ። «ቡዳ መምህር አይበላም።»

ሒክማ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ግን ቁጣ ነበር። «በጣሳዬ ለምን ጠጡ? ማን ይጠጣልኝ አለ?»

ቲቸር ደነገጡ። «ታዲያ ምን ላድርግልሽ፣ ልጄ?»

«ተረኛ መሆን ነው የምፈልገው።»

የውሃ ተረኛ በየሳምንቱ ይቀየራል። ጋኑን የሚሞላ፣ መቅጃውን የሚይዝ፣ ለሁሉም የሚቀዳ እሱ ነው። የሚመርጠው አለቃው ነው። ስልሳ ልጅ ስላለ ዓመቱ ለሁሉም አይዳረስም፤ ስለዚህ የሒክማ አለመመረጥ ለማንም አልታየም።

«ከነገ ጀምሮ ተረኛዋ ሒክማ ናት» አሉ ቲቸር።

ረቡዕ ሒክማ ከሁሉም ቀድማ መጣች። ሻሿ ታጥቦ ተተኩሷል። ጋኑን ሞላች፣ የብረቱን ጣሳ በአመድ ፈትጋ አጥባ እንደ መስተዋት አበራችው። ሰማያዊው ጣሳ ከሚስማሩ ላይ የለም። መቅጃዋን ይዛ ቆመች።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አለፈ፤ ማንም አልመጣም። ሁለተኛው አለፈ። ጣሪያው ይንጫጫል፣ ልጆቹ ከንፈራቸውን ይልሳሉ፣ ማንም ወደ ጋኑ አያይም። ሒክማ ለቲቸር ቀድታ አመጣችላቸው። እሳቸው ጣሳውን አይተው «ስልሳ ልጅ እያየኝ ለብቻዬ? አይሆንም» አሉና መለሱላት። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞሩ። «ዛሬ ውሃ የጠማው የለም?»

ሙጂብ ተነስቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቲቸር፣ እኛም አንሳፈርም ብለናል።»

«ምን?»

«እንደዚያ ሰዎች።» ጣቱን ወደ ፎቶው ቀሰረ። «አድማ ነው። አንቱ ነዎት ያስተማሩን።»

ያቺ የአርጎብኛ ቃል አመለጠቻቸው። ግን ከሙጂብ በቀር ሁሉም ተቀምጦ ነበር፤ እሱም አልተቀመጠም። ትናንት በኩራት የዘራነው ዘር ነው፤ በአንድ ሌሊት እሾህ ሆኖ በቀለ።

ቲቸር ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። አንድ እጃቸው ጎናቸው ላይ ነበር፣ ኩላሊታቸው ላይ። «እሺ። ማንንም በግድ አላጠጣም። ግን ልጠይቃችሁ፤ እነዚያ ሰዎች በእግራቸው የሄዱት ምን ፈልገው ነው?»

«አብረው ለመቀመጥ» አለች ኢልሀም።

«እናንተስ የምትጠሙት ምን ፈልጋችሁ ነው?»

ሙጂብ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር «እናስብበት» አለና ተቀመጠ።

እረፍት ተደወለ። ወንዶቹ ኳስ ይዘው ወጡ። ሲመለሱ ሙጂብ ፊቱ በርበሬ መስሏል፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ወደ ቦታው እየሄደ ነበር። ጋኑ ጋ ሲደርስ እግሩ ቆመ።

«ቅጂልኝ» አለ፣ ሒክማን ሳያይ።

ሒክማ ቀዳች። ስለቸኮለች ግማሹ ጫማው ላይ ፈሰሰ። ሙጂብ ጠጣ፤ ደግሞ ዘረጋ፤ ደገመው። ክፍሉ በሙሉ ሆዱ ላይ አፈጠጠ።

«ምን ተሰማህ?» አለ ጁነይድ።

«ቀዘቀዘኝ።»

«ሆድህስ?»

«ባዶ ነው። ምሳ ይላል።»

«ነገ ብትሞትስ?»

«ነገ የራሱ ጉዳይ። ዛሬ ጠምቶኛል።»

ጁነይድ ትንሽ አሰበና ከኋላው ተሰለፈ። ከዚያ ኢልሀም። ከዚያ ሌሎቹም ሲነሱ አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ ተንጓጓ። ሁሉም ከጠጡ በኋላ ሒክማ ለቲቸር ቀዳች። «ቢስሚላህ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከተጨፈነው ዓይናቸው እንባ ወረደ።

ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል አንድ ባጃጅ ግቢው ውስጥ አቧራ አስነስቶ ቆመ። ራሕማ ነበረች፣ የሙጂብ እናት። ማን እንደነገራት አላውቅም። ከባጃጁ እስከ በሩ ስትደርስ ላቧ ከአገጯ ይንጠባጠባል።

«እትዬ ነዒማ! ልጄን ለአንቱ በአደራ ነው የሰጠሁት!»

«አደራሽ ይኸው፣ ደህና ቆሟል።»

«ሰው ምን ይለኛል? ሸክላ ሠሪ ታጠጣው?»

«ቤትሽ ያለውን እንስራ ማን ሠራው፣ ራሕማ?»

ራሕማ ልትመልስ ስትል ሒክማ ጣሳውን ሞልታ ፊቷ ቆመች። ማንም አላዘዛትም። በር ላይ እንግዳ መጣ፣ ተረኛዋ እሷ ናት። «እትዬ ራሕማ፣ ውሃ ይጠጡ።»

ራሕማ ጣሳውን አየች። ቅዝቃዜው በጣሳው ጎን ላይ ወዝቷል። ምራቋን ስትውጥ ሁላችንም አየናት።

«አልጠማኝም።»

«እሳቸውም አድማ ላይ ናቸው» አለች ኢልሀም።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ራሕማ ልጇን ክንዱን ይዛ ጎተተችው። «ወይ ክፍል ትቀይራለህ፣ ወይ ከነገ ጀምሮ ባጃጅ የሚባል የለም! ከወንዙ ማዶ በእግርህ ትመጣታለህ!»

ሲሄዱ ቲቸር ነዒማ አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ። «ነገ እሱ ካልመጣ ሌላውም ወላጅ ልጁን ያወጣል» አሉኝ ቀስ ብለው። «ለኑርሃን ምን እላታለሁ?»

ሐሙስ ጠዋት የሙጂብ ቦታ ባዶ ነበር። ልጆቹ ባዶውን ቦታ ያያሉ፣ ጋኑን ያያሉ፣ ማንም አይነሳም። ሒክማ መቅጃዋን ይዛ እንደ ትናንቱ ቆማለች፤ አንገቷ ግን ዝቅ ብሏል። ቲቸር ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ፤ በየቃሉ መካከል ወደ በሩ ያያሉ።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ሲል በሩ ተንኳኳ። ሙጂብ ነው። እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሷል፤ ቦርሳውን ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ፀሐይ ተከላክሎበታል።

«ቲቸር፣ ልግባ?»

«በምን መጣህ?»

«በእግሬ።»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰውዬ በግማሽ ፊቱ ያየናል። ይህን እኔ ፈጥሬ ብጽፈው ኖሮ ማንም አያምነኝም ነበር።

«አይ ማርቲን!» አለ ጁነይድ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሳቀ።

ሙጂብ ለማንም ሳይመልስ በቀጥታ ወደ ጋኑ ሄዶ እጁን ዘረጋ። ሒክማ ቀና አለች። ጣሳውን ወደ ኋላ ሸሸገችው።

«ተሰለፍ።»

«ማንም የለም እኮ!»

«ቢሆንም ተሰለፍ።»

ሙጂብ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ብቻውን ተሰለፈ። ሒክማ አንድ ጠብታ ሳታፈስ ሞልታ ሰጠችው። እሱ ሲጠጣ አግዳሚዎቹ መንጓጓት ጀመሩ፤ ሰልፉ ከኋላው ረዘመ።

«ቲቸር» አለች ሒክማ፣ ለቀጣዩ እየቀዳች። «ተራዬ እንደገና መቼ ይደርሰኛል?»

ቲቸር ነዒማ ጠመኔውን አስቀመጡ። «ዘንድሮማ አይደርስሽም፣ ልጄ። ለከርሞ ነው። ያኔ ደግሞ አምስተኛ ክፍል ነሽ፤ አምስተኛ ክፍል ጋን የለም።»

«እናቴ ትሠራለች» አለች።