በስሜ ልትወጣ የነበረችው ጠመንጃ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ምሳ እየበላን ነበር። አጠገባችን ካለው ጠረጴዛ አዲስ የመጣ ልጅ ክሬዲት የሚሉት የብድር ታሪክ ስለሌለው መኪና መግዛት እንዳልቻለ ያወራል። አብሮት የሚበላው ሰውዬ እንጀራውን እየጠቀለለ «ምን ችግር አለው፣ በእኔ ስም ይውጣ» አለው። ደግ ነገር ነው የተናገረው። እኔ ግን ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ባለቤቴ ቃሪያው ትን ያለኝ መስሏት ጀርባዬን መታ መታ አድርጋ ውኃ አቀበለችኝ።

ቃሪያው አልነበረም። ያ ቃል በሽታው የሰውን ሁሉ አፍ በጨርቅ ወዳሸፈነበት ዘመን መለሰኝ። ያኔ ገና የሃያዎቹን ዕድሜ እየጀመርኩ ነበር፤ ፀጉሬም እንደ ዛሬው ከፊት አልሸሸም። ሪከንባከር በሚባለው የጭነት አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ባለ መጋዘን ከብሩክ ጋር ካርቶን እንጭን፣ እናወርድ ነበር።

ብሩክ ቁመተ ሎጋ፣ እጀ ረጅም፣ ነገር የማያበዛ ልጅ ነው። ስንት አገር በእግሩና በጀልባ አቋርጦ እንደመጣ ሲጠየቅ «ብዙ» ብሎ ያልፈዋል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ፍርድ ቤት ነበር። ዳኛው እምቢ ካሉ መመለሱ ነው፤ መመለስ ማለት ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፣ አናነሳውም። እኔ ግሪን ካርድ ስለነበረኝ ስልኩም፣ መኪናውም፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ የተከራያት ክፍልም በእኔ ስም ነበሩ። ይህን ሳወራ ውለታ እየቆጠርኩ አይደለም። በእኛ ዘንድ ወረቀት ያለው ለሌለው ስሙን ያውሳል፤ እኔም ስመጣ አንድ የአገሬ ልጅ እንዲሁ አድርጎልኛል። ስም መንፈግ እንጀራ ከመንፈግ አይተናነስም።

የብሩክ እናት ያሉበት ከተማ በጦርነቱ ምክንያት የስልክ መስመሩ ከተቆረጠ ወራት ሆኖት ነበር። ስለዚህ ስልኩ ከእጁ አይለይም። ካርቶን ሲያነሳ ደረት ኪሱ ውስጥ፣ ሲበላ ከምሳ ዕቃው አጠገብ፣ ሲተኛ ትራሱ ላይ ነው። ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ የሚነዳው ጂም ይህን አይቶ ኖሮ አንድ ቀን ወደ እርሻው ጠራን። ሸበቶ፣ ረጋ ያለ ፈረንጅ ስለነበረ በመካከላችን «ጋሼ ጂም» ነበር የምንለው።

እርሻው ጫፍ ላይ፣ በቆሎው ከታጨደበት ሜዳ ማዶ፣ የብረት ሰሌዳ ተሰቅሏል። በባዶ ዓይን አንዲት ነጥብ ናት። ጂም ጠመንጃውን አመቻችቶ ብሩክን በደረቱ አስተኛው። እንዴት ትንፋሹን እንደሚያወጣ፣ ቃታውን ሳይነጥቅ እንዴት ቀስ አድርጎ እንደሚስብ አሳየው። ብሩክ ተኮሰ። ትንሽ ቆይቶ ከብረቱ ቃጭል የመሰለ ድምፅ መጣ። እኔ የተኮስኩትማ የት እንደሄደ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ወደ ቤት ስንመለስ ዓይኑ እርጥብ ሆኖ «ሳሚ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ጩኸት እኮ ዝም አለ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ጂም እርሻ መሄድ ልማዳችን ሆነ። ስልኩ ኪሱ ውስጥ የሚረሳባት ሰዓት ያቺ ብቻ ነበረች።

ታዲያ ጂም ጡረታ ወጣና እርሻውን ሸጦ ልጁ ወዳለችበት ስቴት ሄደ። ብሩክ እንደገና ስልኩ ላይ ሲያፈጥ ይውል ጀመር። የራሳችን ጠመንጃ ያስፈልገናል ያልኩት እኔ ነኝ።

ዐቢይ ጾም ነበር። በምሳ ሰዓት መኪናዬ ውስጥ ማሞቂያውን ለቀን፣ የሱፍ ፍትፍት እየተሻማን፣ ስለ ጠመንጃ ቪዲዮ እናያለን። እኔ ጥቁሯንና የወታደር የመሰለችውን ሳይ ልቤ ይሸፍታል። እሱ ይስቅብኛል፤ «ይቺ ፎቶ ለመነሻ ናት፣ እኔ የምፈልገው ሩቅ የምትመታዋን ነው» ይላል። ጂም ሲሰናበተን የመከረንን እንደ ዳዊት እንደግም ነበር። ርካሽ ጠመንጃ ላይ ጥሩ የማነጣጠሪያ መነጽር ይሻላል እንጂ ውድ ጠመንጃ ላይ ርካሽ መነጽር አትሰኩ፤ በእጅ እየተሳበች አንድ አንድ ጥይት የምትጎርሰዋን ውሰዱ፤ ወፍራም አፈሙዝ ያላት ቶሎ አትሞቅም፣ አትዛባም። ከሁሉ በፊት ግን የጥይቱን መደርደሪያ እዩ ብሎናል።

ይህ የመጨረሻው ምክር ነው ያከራከረን። በዚያ ዘመን ጥይት እንደ ሽንት ቤት ወረቀት ጠፍቶ ነበር። ብሩክ ነፋስ ብዙ የማይገፋትን፣ ትከሻም የማትረግጠውን አዲሷንና ቀጭኗን ጥይት ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ወፍራሟ የድሮ ናት፣ የትም አትጠፋም እላለሁ። ከሥራ ስንወጣ ሱቅ ለሱቅ እየዞርን ጠመንጃውን ትተን የጥይቱን መደርደሪያ እንመለከታለን። ሻጮቹ ምን ዓይነት ገበያተኞች ናቸው ሳይሉን አልቀሩም። መቼም የእኔዋ «የትም የማትጠፋ» ጥይት የትም አልተገኘችም፤ የሱዋ ግን ከከተማው ወጣ ባለ አንድ ሱቅ ተቆልላ ተገኘች። እዚያው ሱቅ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሰደፍ ያላት፣ ጌጥ ያልነካት፣ አቅማችንም የሚፈቅዳት ጠመንጃ ነበረች። ብሩክ አያትና ዝም አለ። እሱ ዝም ካለ ወዷል ማለት ነው።

ከፋዩ እሱ፣ ፈራሚው እኔ እንድንሆን ተስማማን። መኪናውንም እንዲሁ ነበር ያወጣነው። ክፉ ነገር ነው ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም።

የሄድንበት ቀን በረዶና ዝናብ የተቀላቀለበት ነበር። ሱቁ ውስጥ ያስተናገደችን ነጭ ፀጉሯን ወደ ኋላ የጎነጎነች ሴትዮ ናት። ብሩክ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ጠመንጃዋን ተቀበለና ወደ ግድግዳው አነጣጠረ። ልክ ለእሱ የተሰፋች ትመስል ነበር። ሴትዮዋ ፈገግ አለች። መንጃ ፈቃዴን ተቀብላ ስትመለከት እኔ ዓይኔን ባንኮኒው ላይ ወደተለጠፈው ማስታወቂያ ጣልኩ። ጠመንጃ መግዛት ለማይፈቀድለት ሰው በራስ ስም መግዛት እስር ቤት ያስገባል ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከኋላችን ደግሞ የፖሊስ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ጓንት እየመረጠ ነበር።

ሴትዮዋ ቀና ብላ ጠመንጃው ለራሴ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ብሩክን አየሁት። ጉንጩን ሰደፉ ላይ አድርጎ፣ ፊቱ እርሻው ላይ እንደማውቀው ረጋ ብሎ ነበር። ወደ ሴትዮዋ ዞሬ አፌን ከፈትኩ።

ብሩክ ቀደመኝ። ባለውለታው ሳይመሰገን መቅረቱ ከንክኖት ይሁን አላውቅም፣ እጁን ትከሻዬ ላይ ጥሎ በዚያ በማይረዝም እንግሊዝኛው ይዘረዝርላት ጀመር። ወንድሜ ነው አላት። «ጠመንጃው የእኔ ነው፣ እኔ ወረቀት የለኝም፣ እሱ ግን ደግ ሰው ስለሆነ በስሙ ያወጣልኛል» አላት። እኛ ቤት ሰው የሚመሰገነው እንዲህ በአደባባይ ነው።

ፈገግታዋ ጠፋ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠመንጃውን ቀስ ብሎ እንዲያስቀምጥ ነገረችው። አስቀመጠ። ወደራሷ ጎትታ መንጃ ፈቃዴን መለሰችልኝ። ልናደርገው የነበረው ወንጀል መሆኑን፣ እንደ እሱ ላለ ሰው መሣሪያ መያዝ ራሱ ክልክል መሆኑን፣ ዛሬ ምንም እንደማትሸጥልኝ ነገረችኝ። ጓንት የሚመርጠው ፖሊስ ዞሮ ያየናል።

እንዴት እንደወጣን አላስታውስም። መኪና ውስጥ ቁልፉን ከየኪሴ ስፈልግ ቆየሁ። ብሩክ «አበላሸሁት አይደል?» አለኝ። የሱቁ በር ተከፈተና ፖሊሱ ወጣ። ወደ እኛ ነው የሚመጣው። ብሩክ ሳይባል ሁለት እጁን ዳሽቦርዱ ላይ ዘረጋ። እኔ የማስበው ዳኛውን ነው፤ ያ ሁሉ አገር፣ ያ ሁሉ ባሕር በዚህች በር ላይ ሊያልቅ ነው እላለሁ።

ፖሊሱ መስኮቱን አንኳኳ። አወረድኩት። ብሩክን ረዘም ላለ ጊዜ ካየው በኋላ አንድ ስልክ አቀበለኝ። ባንኮኒው ላይ ረስታችሁታል አለ። መንገዱ ያንሸራትታል፣ ቀስ ብላችሁ ንዱ አለና ወደ መኪናው ሄደ።

ሞርስ ሮድ እስክንደርስ በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ ነበር። ብሩክ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ያለቅሳል። ፖሊሱን ፈርቶ መስሎኝ «አለፈ እኮ» አልኩት።

«እሱን አይደለም» አለኝ። «እማዬን ረሳኋት።»

ከዚያ በኋላ በር በተንኳኳ ቁጥር ሁለታችንም ክው እንል ነበር። ብሩክ መኪናውንም፣ ስልኩንም፣ ክፍሉንም ከእኔ ስም አስወጣ፤ በእኔ ጦስ አንተም እንዳትጠፋ አለኝ። ተኩስ ቀረ። የመጣብን ነገር ግን አልነበረም። በኋላ ፍርድ ቤቱ ፈቀደለት፣ መስመሩም ተከፍቶ የእናቱን ድምፅ ሰማ። አሁን ሲያትል ነው የሚኖረው፤ ባለትዳር ነው።

በየበዓሉ ይደውላል። እንኳን አደረሰህ ካለኝ በኋላ የዚያን ቀን ነገር ሳያነሳ አይዘጋም። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ይቅር በለኝ» ይላል። ኧረ ተወው እያልኩ አልፈዋለሁ።

ያልነገርኩት ነገር አለ። ዜግነት ለማግኘት ቃለ መጠይቅ የቀረብኩ ዕለት፣ ያልተያዝክበት ወንጀል ፈጽመህ ታውቃለህ ተብዬ ተጠየቅሁ። አፌን ሞልቼ ፈጽሜ አላውቅም አልኩ፣ እውነትም ነበረ። ከሕንፃው ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ብሩክን አሰብኩት። ያን ቀን ባንኮኒው ፊት ማስታወቂያውን አንብቤዋለሁ፤ እንዲያም ሆኖ አፌን የከፈትኩት «አዎ፣ ለራሴ ነው» ልል ነበር። ሊያመሰግነኝ ባይቸኩል ኖሮ፣ ዛሬ ይቅርታ የሚጠይቅ እሱም፣ ይቅር የሚል እኔም እዚህ አገር አንገኝም ነበር።