ለሁለት ሰው የያዝኩት ክፍል

ቃሊቲ ባለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የግዢ ሠራተኛ ነኝ። ለመለዋወጫና ለቀለም በዓመት አራት አምስት ጊዜ ውጭ አገር እላካለሁ። የማርፈው ሁልጊዜ አንድ ስም ባላቸው ሆቴሎች ስለሆነ፣ ባደርኩ ቁጥር ነጥብ ይመዘገብልኛል። ለዓመታት ዞር ብዬም አላየሁት። ባለፈው ዓመት ግን «ካልተጠቀሙበት ይሰረዛል» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ሳጣራ፣ ነጥቡ ጃፓን ውስጥ በደመወዜ ደጃፉን በማልረግጠው ሆቴል ሁለት ሰው አራት ቀን በነጻ ያሳርፋል። ለሁለት ሰው ያዝኩ።

ባለቤቴ ሳሪስ አቦ አካባቢ የሂሳብ መምህር ነው። ስነግረው የተማሪዎቹን ደብተር እያረመ ነበር፤ እስክሪብቶውን ሳያስቀምጥ ሰማኝ።

«እነዚያ ነጥቦች እኮ አንቺ ቤት ያልነበርሽባቸው ቀናት ናቸው» አለኝ። «ልጅቷ ኩፍኝ ይዟት እኔ ብቻዬን የታቀፍኳት ጊዜም አለበት። እዚያ ሄጄ መዝናናት አይሆንልኝም። አንቺ ሂጂ፣ ይገባሻል።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ኖሮ መልስ አላጣም ነበር። ልጃችን ለትምህርት ጅማ ስለሆነች አብሮኝ የሚሄድ አልነበረም። ብቻዬን ሄድኩ።

ሆቴሉ ስደርስ እንግዳ ተቀባይዋ ዝቅ ብላ እጅ ነሳችኝ። «ለረጅም ዓመታት ደንበኝነትዎ እናመሰግናለን። አብረውዎት የሚያርፉት መቼ ይደርሳሉ?» አለችኝ።

«ነገ» አልኳት። ለምን እንደዋሸሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ነበር፤ ነጠላ ጫማው፣ ፎጣው፣ ተጣጥፎ አልጋው ላይ የተቀመጠው ጋውን። በመስኮቱ የተከረከሙ ጥዶችና ኩሬ ይታያሉ። ያን ያህል ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የጎረቤት ቴሌቪዥን እንኳ አብሮን ይኖራል።

ቁርስ የምታቀርበው በዕድሜ የገፋች ሴት ነበረች። ጠረጴዛዬ ላይ በየጠዋቱ ለሁለት ሰው ታሰናዳለች። በሦስተኛው ቀን በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ «እንግዳዎ ዛሬም ዘገዩ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አይመጣም» አልኳት።

ሁለተኛውን ሲኒ አላነሳችም። የእኔን ሻይ ቀዳችልኝና አንዴ እስክጎነጭ አጠገቤ ቆማ ጠበቀች። ከሄደች በኋላ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ያን ዕለት ሰባት ሰዓት ላይ ደወልኩ፤ ቤት ጠዋት አንድ ሰዓት መሆኑ ነው። ባለቤቴ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበር። ረዳቶቹ ሲጣሩ ይሰማኛል።

«እንዴት ነው?» አለኝ።

«ያምራል። አንተ ብትኖር ጥሩ ነበር።»

«እኔም በየጊዜው እንደዚያ እል ነበር» አለና፣ ታክሲው ስለመጣ ተሰናበተኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ አልነበረም። ከብሎካችን በስተጀርባ ድንኳን ተተክሎ አየሁ። ማን እንደሞተ አላወቅኩም። ሻንጣዬን አስቀምጬ፣ ነጠላዬን ደርቤ ወረድኩና ከሴቶቹ መሀል ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያሉት እናት በጣም አስተዋሉኝ።

«የማን ዘመድ ነሽ ልጄ? ከሩቅ ነው የመጣሽው?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ ጎረቤት ነኝ። አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው።»

እዚያ ስንኖር ሰባተኛ ዓመታችን ነው። «የመምህሩ ሚስት?» አሉ በመገረም። «አለች ሲባል እንሰማለን።»

የሞቱት ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ይኖሩ የነበሩ ጡረተኛ መሆናቸውን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ባለቤቴ ከወንዶቹ በኩል ወንበር ተሸክሞ ሲያልፍ አየኝና ቆመ። ከዚያ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ብሎኝ አለፈ። አንዷ ሴት ንፍሮ የሞላ ትሪ ይዛ መጣች።

«በይ አንቺም ተነሽ፣ አዳርሺ» አለችኝ። ተቀብያት ተነሳሁ።