ደምሴ ጎሚስታው ኖርዌይ የላከው አበባ

ደብረ ታቦር መናኸሪያ አካባቢ ጎማ ያስጠገነ ሰው ሁሉ ደምሴን ያውቀዋል። የባጃጅም ሆነ የአይሱዙ ጎማ ስትወስድለት በመዳፉ መታ መታ ያደርግና ምንም ሳይልህ መፍታት ይጀምራል። ቃል ከአፉ የሚወጣው በጉጠት ነው። ግድግዳ ለግድግዳ የምንኖር ጎረቤቱ ነኝና ማጋነኔ አይደለም።

ሚስቱ ወርቅነሽ የእሱንም ድርሻ ጨምራ ታወራለች። ባለፈው ዓመት ልጃቸው ማስተዋል ኖርዌይ ስትወልድ፣ አራስ ቤት እንድትረዳት እናቷን አስጠራቻት። ለሦስት ወር ብላ የሄደች ሴትዮ መጀመሪያ ክርስትናው፣ ከዚያ ጥርሱ፣ ከዚያ ዳዴው እያለች ከረመች። ደምሴ ስልክ ላይ «መቼ ነው የምትመጭ?» ማለት ያቅተውና «በርበሬው እያለቀ ነው» ይላታል። እሷም «ግዛ» ትለዋለች።

ፈርቶ ነበር። አንድ ቀን አጥሩን ተደግፎ «ልትቀር ነው መሰል» ሲለኝ አንጀቴን በላው።

መላ ያመጣችው ግቢው ውስጥ ክፍል የተከራየችው የዩኒቨርሲቲ መምህርት፣ የአዲስ አበባዋ ትዕግሥት ናት።

«ጋሼ፣ አበባ ይላኩላቸው። በስልኬ ካዘዝን በራቸው ድረስ ያደርሱላቸዋል።»

«አበባ ምን ያደርግላታል?»

«እንደናፈቁ ይነግርልዎታል። እርስዎ አልናገር ካሉ እሱ ይናገር።»

ይህ ነገር ደምሴን ገባው። ስልኩን ተቀብሎ ሥዕሎቹን ያገላብጥ ጀመር። እቅፍ አበባውን ሁሉ «ይሄ ነገ ይረግፋል» እያለ አለፈው። በመጨረሻ ነጭ፣ ክብ፣ መሀሉ ክፍት የሆነ አንድ ጉንጉን ላይ ጣቱን ተከለ።

«ይሄ ሥራ አለው። ጠርዙን እይው፣ ዙሪያውን እኩል ነው።»

ጎማ መስሎት ነዋ። ትዕግሥት ትንሽ አመነታች፤ ግን ፈረንጆች በገና እንዲህ ያለ ነገር በር ላይ ሲሰቅሉ ፊልም ላይ ስላየች ተወችው። «ሁልጊዜም አብሬሽ ነኝ» የሚል ቃልም በደምሴ ስም ከራሷ ጨመረችበት። በማግሥቱ ደምሴ ከወንድሙ ዘንድ ገብስ ሊያመጣ ጉና ወጣ። እዚያ ደግሞ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም።

ኖርዌይ ላይ በር የከፈተችው ወርቅነሽ ናት። እኛ አገር ክብ ጉንጉን የሚሄደው ሬሳ ሳጥን ላይ ነው። ደምሴ ራሱ ስንት ቀብር ቆሞ አይቶታል፤ ግን ክብ ነገር ሲያይ ከጎማ ሌላ አይታየውም። ወርቅነሽ ከነቃሉ ስታየው ደምሴ የሞተ መሰላት። ለባሏ ደወለች፤ ዝግ ነው። ለትዕግሥት ደወለች። ያቺ ደግሞ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋን እየሳበች «ደህና ናቸው እትዬ፣ ጉና ወጥተው ነው፣ ስልክ ስለማይሠራ ነው» አለቻት።

ከዚህ የባሰ መልስ አልነበረም። ውጭ አገር ላለ ሰው ሞት በስልክ አይነገርም። «ደህና ነው፣ ገጠር ወጥቶ ነው» እየተባለ አገሩ ከገባ በኋላ ነው የሚረዳው። ማስተዋል «እማ፣ ደህና ነው እያሉሽ እኮ ነው» ብትላት፣ «እኔም ለስንቱ እንዲህ ብያለሁ» አለች። ትኬት ተቆረጠ።

ደምሴ ከጉና ሲወርድ እሷ አየር ላይ ናት። ቢደውል ስልኳ ዝግ ሆነበት። «አበባው አናደዳት» ብሎ ቆዝሞ ተቀመጠ።

ወርቅነሽ ከልጇ የተዋሰችውን ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ መቃብሩ ላይ ልታኖርለት የጠወለገውን ጉንጉን ታቅፋ፣ ከባጃጅ እንደወረደች «ወየው» አለች። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ግማሹ ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ ማልቀስ ጀመረ፤ እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀላቀልኩ። ደምሴ ለቅሶ ሲሰማ ጋቢውን ደርቦ ሊያስተዛዝን መጣና ጀርባዋን ወደሰጠችው አንዲት አልቃሽ ጠጋ ብሎ ጠየቀ።

«ማን ነው የሞተው?»

ወርቅነሽ ዞር ብላ አየችው። ከዚያ ጉንጉኑን አንገቱ ላይ አጠለቀችበትና በሁለት እጇ ደረቱን ትደበድበው ጀመር። ሲደክማት እዚያው ደረቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

«ምን ልትለኝ ነው ይህን የላክኸው?»

ደምሴ አበባው አንገቱ ላይ እንዳለ እኛን አየ፤ መሬቱን አየ። የሚረዳው ሰው አልነበረም።

«ነይልኝ ልልሽ ነው» አለ።

ከእኛ መሀል እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ የሰማ አልነበረም። ወርቅነሽ ዓይኗን በጥቁሩ ቀሚስ ጠረገች።

«ታዲያ ይህችን ለማለት መሞት ነበረብህ?» አለችውና ሻንጣዋን አሸከመችው።