በልጄ በር የቆሙ ወታደሮች

ልጄ የጓደኛውን ከተማ ያቃጠለ ዕለት እኔ ስቄ ነበር። ከተማው የስልክ ጨዋታ ውስጥ ያለ ከተማ ነው። ጓደኛው ከግቢያችን በር ላይ ቆሞ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ “እማ፣ ልጅሽ አቃጠለኝ” ሲለኝ፣ ልብስ እያሰጣሁ ነበርና “ታዲያ ውሃ አፍስስበት” ብዬ ቀለድኩ። እሱ አልሳቀም። ገመዱ ላይ የተሰጣውን የልጄን ሸሚዝ አየት አድርጎ ሄደ።

ይህ ልጅ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ከሲግናል ጀርባ ባለችው በዚህችው መንደር ከልጄ ጋር አብረው አደጉ፤ አሁንም ጉርድ ሾላ አንድ ኮሌጅ ይማራሉ። ልጄ ከትንሽነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለበት። ክኒኑም አለ፣ የእንጦጦ ራጉኤል ጠበሉም አለ፣ ግን የሚመጣበትን ሰዓት የሚነግር የለም። መንገድ ሲያቋርጥ ይሁን ታክሲ ውስጥ፣ እንጃ። ይህን ሁሉ ዓመት ደረቴን ነፍቼ ልጄን ከቤት ያወጣሁት በዚያ ልጅ ተማምኜ ነው። ልጄ ሲወድቅ እሱ አይጮህም፣ ሰው አይሰበስብም። ጃኬቱን አውልቆ ከራሱ ሥር ያደርግለታል፣ በጎኑ ያስተኛዋል፣ እስኪነቃ አጠገቡ ይሆናል። ሲነቃም “አስፋልቱ ተመቸህ አይደል?” ብሎ ያስቀዋል።

ጨዋታውን ያስረዳኝ ልጄ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ከተማ፣ ግንብና ወታደር አለው። ብቻውን የሆነ አይቆይም፣ ይበሉታል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ሆነው ይማማላሉ፤ አንዱ ስልኩን ዘግቶ ሲተኛ የሌላው ወታደር በሩን ይጠብቅለታል። “እንደ እድር ነው በይው” አለኝ። “እድርማ ሰው ሲሞት ነው የሚደርስ፣ ይሄስ ይሻላል” አልኩት።

በዚያ ሰሞን በሽታው ደጋግሞ ጣለውና ስልኩን ሳይነካ ሰነበተ። ጓደኛው ያን ጊዜ ወታደሮቹን ሁሉ፣ አንድ እንኳ ሳያስቀር፣ ወደ ልጄ ከተማ ላከ፤ ጠላቶች የለም ብለው እንዳይገቡበት ነው። የራሱ ከተማ ባዶ ቀረ። ልጄ ሲሻለው ስልኩን ከፈተ። የጓደኛው ወታደሮች በሩ ላይ ቆመዋል፤ የጓደኛው ከተማ ባዶ ነው። ከሌሎች ጋር ተማከረና ገባበት።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ሽማግሌ ካስቀመጥኩ በኋላ ነው።

አዎ፣ ለስልክ ጨዋታ ሽማግሌ አስቀመጥኩ። ሰው ይስቅብኝ። በማግስቱ ልጁ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም፤ ልጄ ብቻውን ታክሲ ሲሳፈር አየሁ። የጓደኛው እናት ጋ ሄድኩ። “የልጆች ነገር ነው፣ ተዪው” አለችኝ። እሷ ምን አለባት፣ የሷ ልጅ አይወድቅም። በሰፈራችን የተጣላ የሚያስታርቁ አንድ ጡረተኛ አባት አሉ፤ እሳቸውን ለመንኩ። እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሁለቱንም እኛ ቤት አስቀመጧቸው።

“እስቲ ከሥሩ ንገሩኝ” አሉ። ጓደኛው ነገራቸው።

“ከተማው የት ነው ያልከኝ?”

“ስልክ ውስጥ ነው አባባ።”

“እሺ። ወታደሩስ?”

“እሱም እዚያው።”

“ደሞዝ ይበላል?”

“ወርቅ ነው የሚበላው አባባ።”

“ከኔ ጡረታ ይሻላል በለኛ!”

ሁለቱም ፈገግ አሉ። ያኔ ልቤ ዘለለች፤ አለቀ፣ ታረቁ አልኩ።

“እንግዲያው ይመልስልህ።”

“አይመለስም፤ ተቃጥሏል።”

“ካሳ ይስጥህ።”

“ካሳ አልፈልግም” አለ ልጁ። “ጨዋታው ላይ መክዳት ይፈቀዳል፣ አውቃለሁ። እኔም ሌላ ሰው ከድቻለሁ። ግን ወታደሮቼ እኮ እሱ በር ላይ ነበሩ። ታሞ እኮ ነው የላክኋቸው። ለምን እንደሆነ ይንገረኝና ይብቃ።”

ልጄ አቀርቅሮ የምንጣፉን ጠርዝ ያያል። ሽማግሌው “ተናገር እንጂ የኔ ልጅ” አሉት።

“ስነቃ ወታደሮቹ ቆመዋል” አለ። “መንገድ ላይ ስነቃ እሱ ቆሟል። ታክሲ ውስጥ ስነቃ እሱ አለ። ጨዋታው ውስጥ ግን እኔ አልወድቅም ነበር። እዚያ ደህና ነበርኩ። እዚያም መጥቶ ጠበቀኝ።”

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠራርገው “ተሳሳሙ” አሉ፤ ተሳሳሙ። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ። ዳቦ ቆረስኩ። ልጁ በልቶ ሲወጣ “እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ” አለኝ። አፉን ከፈታ ጀምሮ እማ ነበር የሚለኝ። እርቁ እንዳልያዘ ያኔ ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፤ አብሮት ግን አይሄድም። ልጄን “ሄደህ ለምነው” ስለው “እማዬ፣ ተይኝ” ይለኛል። “እሺ እኔ ልሸኝህ” ስለው “ከእናቱ ጋር ኮሌጅ የሚሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ?” ይላል። እውነቱን ነው። ቢሆንም ነጠላዬን ተከናንቤ ከኋላው እወጣለሁ፤ ታክሲ እስኪይዝ ከሱቁ ጥግ ቆሜ አየዋለሁ። ታክሲው ከሄደ በኋላ ያለውን ማን ያሳየኛል?

የፈራሁት ጉርድ ሾላ ላይ ደረሰ። ተራ ሲጠብቅ ወደቀ። የነበሩት ሰዎች ክፉ አይደሉም፣ የሚያውቁትን አደረጉ፤ ጭሱ ያነቃዋል ብለው ክብሪት ጭረው አፍንጫው ሥር አስጠጉለት። የማያውቃት ሴት ደግፋ አሳፈረችው። የላይኛው ከንፈሩ ተቃጥሎ ገባ። ቅባት ስቀባው ዓይኑን ጨፈነ፣ ከዚያ “ለሱ እንዳትነግሪው” አለኝ።

አልነገርኩትም። ሰሞኑን ጠዋት ግን፣ ልጄን እንደልማዴ ከሩቅ ሸኝቼ ሽንኩርት ገዝቼ ስመለስ፣ ታክሲ ተራው ጋ ከጓደኛው ጋር ተገናኘን። ሳመኝ። ከዚያ፣

“ክብሪት ጫሩበት አይደል?” አለኝ። ከንፈሩን ከሩቅ አይቶት ኖሯል።

“አዎ፣ ልጄ።”

“በጎኑ አላስተኙትም?”

“እኔ እንጃ” አልኩት። “የሚያውቀው ሰው አልነበረም።”

ለወቀሳ አላልኩትም። እሱ ግን አንገቱን ደፋ። ና፣ ተመለስ ልለው ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከተማው የተቃጠለበትን ሰው ደግሞ ወታደርህን ላክልኝ እንዴት ይሉታል? ረዳቱ “አንድ ሰው! ጉርድ ሾላ፣ አንድ ሰው!” ሲል ልጁ ገባ። በመስኮቱ እጁን አነሳልኝ፤ እኔም አነሳሁ።

ልጄ በዚያው መንገድ፣ በፊተኛው ታክሲ፣ ብቻውን ሄዷል።