የወንድሜን መንገድ ከፍላቂት ልጨርስ ስል

የመጨረሻው ደህና ቀናችን ቅዳሜ ነበር። ታላቅ ወንድሜ አያልነህ ቱሪስቶችን በእግር የሚመራ አስጎብኚ ነው። ነበር። ከባልደረባው ከደሳለኝ ጋር ከላሊበላ እስከ ፍላቂት ያለውን የእግር መንገድ በኮምፒውተር ካርታ ላይ ያሰፍሩ ነበር። ከላሊበላ ተነስተው አንድ የቆላ መንደር ደርሰዋል፤ የቀረው ከፍላቂት ወደዚያ መንደር የሚወርደው ነው። ያን ቀን ቤታችን ተቀምጠው በሁለት የጂፒኤስ መቀበያዎች ይከራከሩ ነበር። አንደኛው በገመድ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካል፤ የራሱ ባትሪ ስለሌለው የኮምፒውተሩን ይጨርሳል። ሌላው የክብሪት ቀፎ ያክላል፤ በስልክ ቻርጀር ይሞላል፤ የሄዱበትን ራሱ ይዞ ይቆይና ማታ ወደ ኮምፒውተሩ ይገለበጣል።

«ባለገመዱ ለመኪና ነው፤ ለእግር ባለባትሪው» አለ ደሳለኝ።

«እኔንስ መቼ ነው የምትወስዱኝ?» አልኩ።

አያልነህ እግሬን አይቶ ሳቀ። «በዚህ ሸበጥ? ገደሉ ራሱ ያዝንልሃል!»

እሁድ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ።

በለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ የሚያጽናናው ደሳለኝን ነበር። ከእኔ ይልቅ እሱ አለቀሰ፤ በዚህም ቂም ያዝኩበት። ከአርባው በኋላ መጥቶ «ባለባትሪው እኔ ጋ ነው፤ አብረን እንጨርሰው» አለኝ። «ኮምፒውተሩ የእኛ ነው» አልኩት። የወንድሜን መንገድ እሱ እንዲጨርሰው አልፈለግሁም። ባለገመዱን ይዤ ብቻዬን ሄድኩ።

ሐሙስ

ጠዋት 12 ሰዓት የተነሳው ሚኒባስ ከላሊበላ እስከ ጋሸና ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ጋሸና ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በልቼ ሌላ መኪና ያዝኩ። ፍላቂት የደረስኩት ከሰዓት ነው፤ ገብሱ እየታጨደ ነበር። አልጋ ይዤ ኮምፒውተሩን ሞላሁ።

ዓርብ፣ ጠዋት

መቀበያው ሰማይ እንዲያይ ባርኔጣዬ ላይ ሰፋሁት። ገመዱን በአንገቴ አድርጌ ወደ ቦርሳዬ አስገባሁ። ክዳኑ ሲዘጋ ኮምፒውተሩ ስለሚያንቀላፋ መሃሉ ላይ ፎጣ ሸጎጥኩ። ጀርባዬን እንደ ምድጃ ይፈጀኝ ጀመር። ቢሆንም ደስ አለኝ። ደሳለኝ የለም፤ እኔና ወንድሜ ብቻ።

ቁልቁለቱ ረጅም ነው። ከሩቅ የቤተ ክርስቲያን ዛፎች ባየሁ ቁጥር ባርኔጣዬን አውልቄ ተሳለምኩ፤ ቀጠልኩ።

ቀትር ላይ መንደሩ ደረስኩ። አንድ ቄስ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አዩኝ።

«የአያልነህ ወንድም አይደለህም? አረማመድህ እሱን ነው።»

«ነኝ፣ አባ።»

ተነስተው አቀፉኝ። ጠላ ቀዱልኝ። «እሱና ደሳለኝ እዚህ አድረዋል። ባንድ ጋቢ ነበር የተኙት» አሉ። ጠላውን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት።

ኮምፒውተሩን ሳወጣ ጠፍቷል። የፀሐይ መብራታቸው ስልክ ይሞላል እንጂ ለኮምፒውተር አቅም የለውም። «ምንም አይደል፣ እስከዚህ ተመዝግቧል» አልኳቸው። አባ ባርኔጣዬን አገላብጠው አዩና ገመዱን አነሱት። ጫፉ ከመቀበያው ወጥቶ ተንጠልጥሏል።

«ስትሳለም አውልቀሃላ?»

ጫፉን መልሼ ሰካሁት።

«ወንድምህም እንዲሁ እንደሆነበት ነግሮኛል። አንድ ቀን ሙሉ ተሳልሞ ተሳልሞ ባዶ ካርታ! ደሳለኝ ነው አኩርፎ ባለባትሪውን የገዛው፤ ትከሻው ላይ ያስረው ነበር።» ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ቆረጡ። «በል፣ በወንድምህ መንገድ በእግርህ ወደ ላሊበላ ግባ። ነገ ትደርሳለህ።»

«አይ አባ፣ በመጣሁበት እመለሳለሁ።» ያ የእነሱ መንገድ ነው። ደሳለኝ የረገጠውን ልረግጥ አልፈለግሁም።

ቅዳሜ

ዓርብ ከሰዓት ዳገቱን ወጥቼ፣ ፍላቂት አድሬ፣ ዛሬ በሚኒባስ ቤቴ ገባሁ። ኮምፒውተሩን ሰክቼ ከፈትኩት። የእኔ መስመር ከፍላቂት ወጥታ የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ቆማለች። ለእግረኛ የራሱ ባትሪ ያለው መቀበያ እንደሚሻል ተማርኩ። ሌላም ተማርኩ፦ ወንድሜ የሄደበትን መንገድ የሚያውቀው ያኮረፍኩት ሰው ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሩን ይዤ ደሳለኝ ቤት ሄድኩ።

«የፍላቂቱን እንጨርስ?» አለ።

«እሱ ይቆየን። መጀመሪያ ከዚህ ወደ መንደሩ በእግር ውሰደኝ።»

«ያኛው እኮ ተመዝግቧል።»

«እኔ አልሄድኩበትም» አልኩት።