ጉርሻ እምቢ ያልኩበት ሰሞን

ቀኝ ክርኔን የሰበርኩት ቅዳሜ ጠዋት እዚህ አሜሪካ፣ ሎውሪ በሚባል ሰፈር ሜዳ ላይ ኳስ ለማዳን ተወርውሬ ነው። ቡድናችን አምስት ለዜሮ እየመራ ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፈው በረኛ ለምን ይወረወራል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ኳስ ተጫውቶ አያውቅም። የተጫወቱት የጠየቁኝ "ገባች ወይስ ወጣች?" ብለው ነው። ወጥታለች።

ሐኪሙ ክርኔን ከፍቶ በብረትና በብሎን ጠፈረው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጄሶውን አንስቶ፣ "አሁን ተጠቀምበት። ካልታጠፈ ደርቆ ይቀራል፤ ያኔ እንደገና እከፍተዋለሁ" አለኝ። እንደገና ከተከፈተ የእኔ በረኝነት አበቃ። በዚህ ዕድሜ አንድ የውድድር ዘመን ከሜዳ የቀረን ሰው ማንም ተመለስ አይለውም።

ሐኪሙ ያላወቀው፣ እኛ ዘንድ የታማሚ ክንድ የታማሚው ብቻ አለመሆኑን ነው። በግራ እጅ መብላት ነውር፣ ቀኙ ደግሞ ታማሚ። ስለዚህ ጠያቂ ሁሉ ያጎርሰኛል። የባለቤቴ አክስት ኦሪጅናል ኦሮራ ከሚባለው ሰፈር በአውቶቡስ እየመጡ፣ "አንድ ጉርሻ ታጣላለች" እያሉ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ይጨምራሉ። አምበላችን ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ "ዘንድሮ እንኳን አንድም አላመለጠህም!" ብሎ ሳቀብኝ። እኔም መጉረሱን አልጠላሁትም።

ወር ሲሞላኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ክርኔን ለክታ ፊቷ ጠቆረ።

"በዚህ እጅህ ትበላለህ?"

"አልበላም፤ ያጎርሱኛል።"

"ማን?"

"ሁሉም።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ሐኪሙ እንደገና እስኪያይህ ሦስት ሳምንት አለህ። ከዛሬ ጀምሮ መልመጃህ እራትህ ነው።"

በዚያው እሑድ ፓርክ ሂል ሰፈር አንድ ወዳጃችን ቤት ክርስትና ተጠራን። አክስቲቱ አጠገቤ ተቀምጠው የቡጢ ያህል ጉርሻ ጠቀለሉ።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ራሴ ነኝ የምበላው።"

ጉርሻውን እንደያዙ ዞሩብኝ።

"ምን አልከኝ?"

"እጄ ካልታጠፈ እንደገና ይከፍቱታል።"

"እና እኔ ነኝ ያደረቅሁት?"

"እርስዎም፣ እኔም።"

አንዱ ከወዲያ፣ "አሜሪካ እንዲህ ያደርጋል" ብሎ አጉረመረመ። ስለ ባህላችን ውበት የሚሰብኩ ሰዎች ሁልጊዜ ክርናቸው ጤነኛ ነው። እንጀራውን ቆርሼ ወጥ አጠቀስኩና አነሳሁ። እጄ ከአፌ አንድ ጋት ሲቀረው ቀጥ አለ። ወጡ ነጭ ሸሚዜ ላይ ወረደ። ሁለተኛም ሞከርኩ፤ እንደዚያው። በሦስተኛው አንገቴን ወደ እጄ ሰበቅሁ።

"አንተ! አንገትህን መልስ!" አሉ አክስቲቱ። የጠቀለሉትን ጉርሻ ራሳቸው ጎረሱትና በግራ መዳፋቸው ግንባሬን ወደ ኋላ ገፍተው ያዙ። "እጅህ ነው የሚመጣው። ና በለው!"

ላብ አጠመቀኝ። ክርኔ ውስጥ የሆነ ነገር የሚቀደድ መሰለኝ። እንግዳው ሁሉ መብላት ትቶ ያየኛል። በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ ግማሹ ደረቴ ላይ፣ ግማሹ አፌ ውስጥ ገባ።

"ጨምር" አሉኝ፤ እልል ያለችውን ሴት እንኳን ዞረው አላዩዋትም።

ሐኪሙ በሦስተኛው ሳምንት ክርኔን አጠፍ ዘርጋ አድርጎ ቢላውን ተወው። ዛሬ ይታጠፋል፤ መዘርጋቱን ግን እስከ መጨረሻው አይዘረጋም። ይህን የሰሙ ተጋጣሚዎች ኳሱን ሁሉ ወደ ቀኜ ይመታሉ።

ይምቱ።